አንቺ በያት

ይህን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሐሜቱንም ጾም መግደፌንም ዘርዝሬ፣ ይህችን ግን ውጬ ተመልሻለሁ። እናንተ ስሙኝ።

ራሔልን አታለልኳት። ቀራንዮ አብራኝ ያደገችውን፣ ፊልም አብራኝ የተማረችውን ጓደኛዬን፣ እኔ፣ አስቤበት፣ አታለልኳት።

አንድ የፊልም ድርጅት ለኢንተርንሺፕ አንድ ሰው ብቻ ይፈልግ ነበር። ሁለታችንም ተመዘገብን። ከቃለ መጠይቁ በፊት ስለ ድርጅቱ የምናጠናውን ተካፈልን፤ እሷ ፊልሞቹን፣ እኔ ሰዎቹን። ፊልሞቹን በሙሉ እስከ መጨረሻው የስም ዝርዝር ድረስ አይታ፣ የጻፈችውን ሳትሰስት ሰጠችኝ። አባቷ «ይሄ ካልተሳካ አስኮ አጎትሽ ሱቅ ትገቢያለሽ» ብለዋታል። ይህንንም አውቅ ነበር።

እኔስ ምን ሰጠኋት? የድርጅቱ ባለቤት እናቶቻችንን የሚያክሉ ሴት ናቸው። በአንድ ቪዲዮ ላይ «ልጅ ሁሉ አንቺ ሲለኝ ደሜ ይፈላል» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ለራሔል ግን «አንቱታ ያስረጀኛል ነው የምትለው፤ አንቺ በያት» አልኳት።

«ኧረ አፌ እንዴት ብሎ» አለች። እናቷን እንኳ አንቱ የምትል ልጅ ናት። ታክሲ ውስጥ እኔን ሴትዮዋ አድርጋ «አንቺ» ማለት ስትለማመድ፣ «ደፈር በይ እንጂ» እያልኩ አረምኳት። እኔ ነኝ ያረምኳት። ሰው እንዲህ ያደርጋል?

እሷ ቀድማ ገባች፣ ቶሎም ወጣች። አልተቆጣችኝም። «ፊታቸው ጠቆረብኝ። ተሳስተሽ ሰምተሽ ይሆናል፤ አንቺ አንቱ በያቸው» ብላ መከረችኝ። ገባሁ። አንቱ አልኳቸው። ስለ ፊልሞቻቸውም እሷ የጻፈችውን የራሴ አስመስዬ ተናገርኩ። ቦታው የኔ ሆነ።

ቪዲዮውን መቼ እንዳየችው አላውቅም። ማየቷን ግን አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት በአጎቷ ሱቅ በኩል ሳልፍ በር ላይ አገኘኋትና ልስማት ተጠጋሁ። እጇን ዘረጋችልኝ። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «እንደምን ዋሉ? ሥራ እንዴት ነው? ይበርቱ» አለችኝ።

እኩዮች ነን። አንቱ አለችኝ።

ልጅ ነበርኩ፣ አላወቅሁም አልልም። አውቅ ነበር። ይቅርታም እንዴት እንደምጠይቃት ግራ ገብቶኛል፤ አንቺ ልበላት ወይስ እኔም አንቱ? እዚያው በር ላይ «አንቺ ከሃዲ» ብላ ብትሰድበኝ ምናለበት።