የተስተካከለው ዘንባባ

እስቲ እናንተው ፍረዱ። ሴትየዋ አራስ እህቷን ልታርስ ሄዳ፣ ጥቂት ሰነባብታ ስትመለስ፣ ሱቋ በር ላይ ያሳደገችው ዘንባባ ተላጭቶ ጠበቃት። መላጨት ስላችሁ ለጨዋታ ማሳመሪያ እንዳይመስላችሁ። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የእውነቱን ነው የላጨው።

ሱቁ አንድ ሆኖ መሃሉ በመጋረጃ ተከፍሏል። ከመጋረጃው ወዲህ እሱ ወንዶችን ይቆርጣል፤ ከመጋረጃው ወዲያ እሷ ሴቶችን ትሠራለች። በሩ ላይ የተጻፈው ግን «ፀጉር አስተካካይ» ብቻ ነው፤ እንግዲህ የእሷን ግማሽ ደንበኛ አሽትቶ ያግኘው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ እጁም አፉም ማረፍ የማያውቅ ነው እንጂ። የተንጋደደ ፎቶ ካየ ያቃናል፣ የመንገደኛ ኮሌታ ያስተካክላል። እሷ ለደንበኞቿ አንድ ወሬ ከጀመረች ደግሞ መቀሱን ያቆምና ከመጋረጃው ማዶ «ቆይ፣ ላስተካክልልሽ፤ ማክሰኞ አይደለም፣ ረቡዕ ነው» ይላታል። ማክሰኞ ሆነ ረቡዕ ለማን ምን ሊፈይድ? ወሬው እዚያው ላይ ይሞታል። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ እሷም አብራ ትስቃለች፣ ቆሽቷ እያረረ።

ዘንባባው ግን የሷ ነበር። ቤት ስትለቅ የነበረች አንዲት ደንበኛ ናት በወተት ጣሳ የሰጠቻት፤ ያኔ ሁለት ቀጫጭን ቅጠል ብቻ ነበረው። ባሏ ገና ሲያየው «ቴምሩ መቼ ይደርሳል?» ብሎ ጠየቀ። ይሄኛው ዘንባባ ያንን ቴምር የሚሰጥ አይደለም፤ አጠር ያለ፣ ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ የሆነ፣ የቅጠሉ ዘንግ ላይ እሾህ ያለው፣ ብርዱንም ንፋሱንም የሚችል ጠንካራ ተክል ነው። የማይችለው እግሩ ሥር የሚቋጠር ውሃንና ሥሩን የሚነካካ እጅን ነው። ከጣሳ ወደ ባልዲ፣ በኋላም ወደ ግማሽ የፕላስቲክ በርሜል ስታዛውረው አፈሩን ሳታራግፍ፣ የተኛ ሕፃን አልጋ ላይ እንደምታስተኛ ሆና ነበር። የበርሜሉን ቂጥ በጋለ ሚስማር ራሷ በሳችው፤ ጠጠርም አነጠፈችበት። ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰድዳ መድረቁን ሳታረጋግጥ ጠብታ ውሃ አታጠጣውም። በዓመት የሚያወጣው ጥቂት ቅጠል ነው፤ እያንዳንዱን እንደ ልጅ ጥርስ ትጠብቀዋለች። በዚያ ሱቅ ማንም ሳያርማት የሠራችው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ሻንጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ዘንባባው ዙሪያውን እንደ ኳስ ተከርክሟል። የዘንጎቹ እሾህ ተፍቋል። መሃሉ ላይ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ የቆመው፣ ገና ያልተፈታው ቅጠል ደግሞ ከሥሩ ተቆርጦ ቦታው ጎድጉዷል። ባሏ ማበጠሪያውን እንደያዘ ወጣ፤ ፊቱ በርቷል።

«አየሽው? ረቡዕ ዕለት አስተካከልኩልሽ» አላት።

«ምን ተበላሽቶ?»

«መሃሉ ላይ አንዱ ቆሞ አስቸገረኛ። ደሞ ከተቆረጠ በደንብ ይበቅላል ብዬ ነው።»

በምን ያውቃል እሱ? ዕድሜ ልኩን የሰው ፀጉር ሲቆርጥ ስለኖረ የተቆረጠ ሁሉ መልሶ የሚያድግ መስሎታል። የዚህ ተክል ግንድ አዲስ ቅጠል የሚያወጣው ከዚያችው ከመሃሉ ብቻ ነው። ያቺ ጫፍ ከተቆረጠች ግንዱ በጎን ቅርንጫፍ አያወጣም፤ ቀስ እያለ መድረቅ ነው።

«ልቡን ነው የቆረጥከው» አለችው።

«ቅጠል እኮ ነው። ለቅጠል ይሄን ያህል?»

ደሟ ፈላ። ለቅጠል ይሄን ያህል ይላል እንዴ? አልጮኸችም። በርሜሉን እየጎተተች አስገባችና በሱ ግማሽ፣ መስኮቱ ሥር፣ ተራ ጠባቂዎቹ አግዳሚ ፊት ገተረችው። «ምን ሆኖ ነው ብሎ ለሚጠይቅህ ሁሉ አንተው መልስ» አለችው።

ያልጠየቀ ደንበኛ የለም። ቅጠሎቹ እየገረጡ በሄዱ ቁጥር ጠያቂው በዛ።

«ታመመ» ይላል እሱ።

«አልታመመም» ይላል ከመጋረጃው ማዶ ያለው ድምፅ።

«ብርድ መታው መሰለኝ።»

«ብርድ ይችላል።»

«እንግዲህ እርጅናም ይሆናል።»

«ገና ወጣት ነው።»

ሰውየው ጆሮው ድረስ ይቀላል። ይቅላ። እሷ ስንት ዘመን ቀልታለች።

ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ጠዋት ውሃ ስታጠጣ፣ ከግንዱ ግርጌ፣ ከደረቁት ቅጠሎች ሥር፣ ጣት የምታህል የታጠፈች አረንጓዴ ነገር አየች። እንዲህ ያለው ዘንባባ ከእግሩ ሥር ልጅ ያወጣል። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወዲያው ደረቁን ቅጠል መልሳ አለበሰቻትና ለባሏ ትንፍሽ ሳትል ቀረች። «አየሽ፣ ይበቅላል አላልኩሽም?» ሊላት አይደል? ያንን ከምትሰማ ሞቷን ትመርጣለች።

ከዚያ አንድ ቀን ጡረታ የወጣ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ሊቆረጥ መጣ። «ልጄ፣ ይሄን ደግሞ ምን ነካው?» አለ ወደ በርሜሉ እያየ።

መቀሱ ቆመ። እሷ ከማዶ፣ እጇ በደንበኛዋ ፀጉር አረፋ ውስጥ እንዳለ፣ እርማቷን ምላሷ ላይ አዘጋጅታ ጠበቀች።

«እኔ ነኝ አባባ» አለ ባሏ። «የሷ ነበር። ሳትጠይቀኝ ልቡን ቆረጥኩት። ምንም አልጎደለውም ነበር።»

የምታርመው ነገር አጣች።

ሱቁን ሲዘጉ ጠራችውና ደረቁን ቅጠል ገልጣ አሳየችው። ቁጢጥ ብሎ አያት። እጁ ሳያስበው ወደ መቀሱ ኪስ ሄደ፤ ከዚያ ራሱ አይቶት መለሰው።

«ምን ላድርግላት?» አለ።

«ምንም አለማድረግ ትችላለህ?»

እጆቹን ወደ ኋላው አጣምሮ ተነሳ።

በማግስቱ በርሜሉ ወደ በሩ ተመለሰ። አንዲት ደንበኛ ምን ሆኖ እንደነበር ስትጠይቅ፣ ሴትየዋ ሆን ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ማክሰኞ ዕለት በምላጭ ላጨልኝ» ብላ ጀመረች። በመቀስ መሆኑን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ረቡዕ መሆኑንም ራሱ ነግሯታል።

ከማዶ መቀሱ ቆመ። ሴቶቹ ለመሳቅ ተዘጋጁ። ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

ከዚያ መቀሱ ሥራውን ቀጠለ፤ እሷም ወሬዋን እስከ መጨረሻው አወራች።