የሴንባጋም አሥራ ሁለተኛ ሞት

ሴንባጋም በአምስት ዓመት ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ ሞታለች። በማድራስ የፊልም ሰፈር በኮዳምባካም እንደ እሷ ሞት የሚያምርበት ሰው አልነበረም። ዓይኗን ስትጨፍን ሽፋሽፍቷ አይርገበገብም፤ ትንፋሿን ስትይዝ ደረቷ ከፍ ዝቅ አይልም። ፊልም ሠሪዎቹ ይህን ካወቁላት በኋላ ሌላ ሥራ መስጠቱን ተዉት። የባለታሪኩ እህት ትሆንና እባብ ይነድፋታል፤ የመጀመሪያ ሚስት ትሆንና በሳል ታልቃለች። ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ አትክልት ሻጯ ሳትቀር፣ «እሜቴ፣ ዛሬስ በምን ሞትሽ?» ትላታለች።

«ዛሬስ ወንዝ ወሰደኝ። ቲማቲሙን አትቆንጥሪብኝ፣ ርቦኛል» ትላለች ሴንባጋም እየሳቀች።

እንዲህ የምትቀልደው ልቧ የሚያርፍበት ነገር ስለነበራት ነው። በዚያ ሰፈር ሬሳ ሆኖ የተቀረጸ ሰው ዝም ብሎ ተነሥቶ ወደ ቤቱ አይሄድም። ካሜራው ሳይጠፋ ይነሣና ይስቃል። ያች ሳቅ ፊልሙ ውስጥ አትገባም፤ በመቀስ ተቆርጣ ትጣላለች። ብቻ ትቀረጽ። ካሜራ የሰውን ሞት አይቶ ሳቁን ሳያይ ከቀረ፣ ሞቱ ሰውየውን ተከትሎ ቤቱ ይገባል ይባላል። ከዳይሬክተሩ እስከ መብራት ተሸካሚው ይህን የማያምን የለም። ቢኖርም በራሱ ላይ አይሞክረውም።

አሥራ ሁለተኛው ሞቷ በወሊድ ነበር። ሆዷ ላይ ትራስ ታስሮላት አማጠች፣ ጮኸች፣ ሞተች። ዳይሬክተሩ ቬዳቻላም እንኳ ዓይኑን ጠርጎ ነው «በቃ!» ያለው፤ ብሎም ባቡር ሊያመልጠው ስለነበር እየሮጠ ወጣ። እሷም እንደ ደንቡ ተነሥታ ለካሜራው ሳቀች። ከዚያ በኋላ ፀነሰችና ሥራውን ለጊዜው አቆመች። ባሏ ካቲሬሳን የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ረጋ ያለ ሰው።

ዘጠነኛ ወሯን ስትይዝ ዘመዶቿ ለነፍሰ ጡር የሚደረገውን የአምባር ቀን ደገሱላት። ሴቶቹ ከበው አስቀመጧት፤ ጉንጮቿን እርድ ቀቧት፤ በሁለቱም ክንዶቿ እስከ ክርኗ ድረስ ቀይና አረንጓዴ የብርጭቆ አምባር ደረደሩላት። ወንዶቹ በረንዳ ላይ በሙዝ ቅጠል የቀረበውን በሁመር የኮመጠጠ ሩዝ ይበላሉ። ከስቱዲዮ የመጡት ሁለት ናቸው። አንዱ ፊቷን ለአሥራ ሁለቱም ሞት የቀባት ሽማግሌው ፔሪያሳሚ፣ ሁለተኛው ካሜራውን ፊልም የሚያጎርሰው ዳንዳፓኒ። ዳንዳፓኒ ቀልደኛ ነው፤ ሲጠግብ ደግሞ ይብስበታል። ሴንባጋም የተቀመጠችው በመስኮቱ ሥር ስለነበር እያንዳንዱ ቃል ይሰማታል።

«ለዚቺ ልጅ እኮ ውለታ ውዬላታለሁ» ይላል ዳንዳፓኒ። «በመጨረሻው ቀን ጥሬ ፊልሙ እሷ ስትሞት አብሮ አለቀ። ያ ጊዜ ደግሞ ፊልም ከወርቅ የተወደደበት ነው። ሌላ እስኪመጣ ብትጠብቅ እዚያው ታድር ነበር። ታዲያ ባዶውን ካሜራ አዞርኩላታ! ሳቀች፣ ወደ ቤቷ ሄደች። ማን ዐወቀ?»

«ምን አልክ?» አለ ፔሪያሳሚ።

«ባዶውን አዞርኩት ነው የምልህ።»

«አፍህን ዝጋ! አንተ ከይሲ፣ አፍህን ዝጋ!»

ግን ተሰምቷል። አምባር ታጠልቅላት የነበረችው አክስቷ እጇን እንደያዘች ቀረች። ሴንባጋም ያን ቀን የካሜራው ድምፅ ቀለል ብሎባት እንደነበረ አሁን ትዝ አላት። እህል የሌለበት ወፍጮ ይመስል ነበር። ያኔ ልብ አላለችውም። በወሊድ ሞታለች፤ ሳቋን ያየ የለም፤ አሁን ደግሞ ልትወልድ ነው። ክንዷ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አምባሮቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ይንጫጩ ጀመር፤ ልታስቆማቸው አልቻለችም።

ካቲሬሳን ሌሊቱን በሙሉ ሲያስረዳት አደረ። «ቆርቆሮ ነው እኮ። መስታወትና ቆርቆሮ።»

«ቆርቆሮ ከሆነ ለምን ዳንዳፓኒ ሲጠግብ ብቻ ተናገረው? ለምን እስካሁን ደበቀው?» አለችው።

ጠዋት ብቻዋን ሪክሾ ይዛ ስቱዲዮ ሄደች። ቬዳቻላም የሌላ ፊልም የሠርግ ዘፈን እየቀረጸ ነው፤ ሠላሳ ልጃገረዶች ማሰሮ ተሸክመው ቆመዋል። ሴንባጋምን ከነሆዷ ሲያያት ፈገግ አለ፤ ነገሩን ስትነግረው ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

«የእኔን ፊልም? በእኔ ፊልም ላይ?» አለ። «ለዚህ ነዋ! ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ሁሉ በሳምንቱ ከሲኒማ ቤት የሚወርደው ለዚህ ነዋ! ዳንዳፓኒ! የት አለ ያ የእናቱ ቅጣት?»

ዳንዳፓኒ አንገቱን ደፍቶ ከመብራቱ ኋላ ወጣ። «ጌታዬ፣ ለሷው አዝኜ ነው…»

«ዝም! ስንት ፊልም ቀርቶሃል?»

«አርባ ጫማ ይሆናል። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።»

«ይበቃል። ልጄ፣ ነይ ተኚ።»

ሴንባጋም ወደ ኋላ ሸሸት አለች። «መተኛት ለምን ያስፈልጋል? ቁሜ ብስቅስ?»

«ካልሞትሽማ ከምን ትነሻለሽ? ሳቁ ከሬሳው መያያዝ አለበት።»

«አሥራ ሦስተኛ ቢሆንብኝስ ጌታዬ? ያን ጊዜ ሆዴ ላይ የነበረው ትራስ ነው። አሁን ሰው አለበት።»

ልጃገረዶቹ ማሰሯቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። በመጨረሻ ፔሪያሳሚ ቀለሙን ይዞ አጠገቧ ተንበረከከ። «እኔ ነኝ የምቀባሽ፤ እኔ ነኝ የማጥብሽ» አላት። «አሥራ ሁለት ጊዜ ገድዬ አሥራ ሁለት ጊዜ አስነሥቼሻለሁ። ተኚ የኔ ልጅ።»

ተኛች። ከንፈሯን በአመድማ ቀለም ቀባት፤ በአገሩ የሬሳ ወግ ግንባሯ ላይ ሳንቲም አስቀመጠ፤ አፍንጫዋን በጥጥ ደፈነ፤ የእግሮቿን አውራ ጣቶች በነጭ ጨርቅ አንድ ላይ አሰረ። ባሏን ቀድማ የሞተች ሴት እንደ ሙሽራ ነውና የምትሸኘው፣ አበባም በራሷ ላይ ጎነጎነላት። ዓይኗን ጨፈነች። እንደ ልማዷ ትንፋሿን ያዘች፤ ያኔ በሆዷ ውስጥ ሲገላበጥ የነበረው ልጅ ጸጥ አለ። እናቱን አይቶ እሱም የሞተ ለመምሰል የተዘጋጀ መሰላት። ከዚያ የበለጠ ፍርሃት በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ልትጮህ ፈለገች፤ ሬሳ ግን አይጮህም።

ካሜራው መዞር ጀመረ። ድምፁ ወፈር ያለ ነው ወይስ ቀለል ያለ? ልትለየው አልቻለችም።

«ተነሺ!» አለ ቬዳቻላም።

ልትነሣ ሞከረች። እግሯ ታስሯል፤ ሆዷ ከብዷል። እንደ ተገለበጠ ኤሊ ወደ ግራ ተወዛወዘች፣ ወደ ቀኝ ተወዛወዘች።

«ሃያ ጫማ!» ጮኸ ዳንዳፓኒ።

«ተነሺ እንጂ አንቺ ሴት!»

«እግሬ! እግሬን ፍቱኝ!»

ፔሪያሳሚ ዘሎ ገባና ክንዷን ይዞ ሳባት። አልበቃም። ቬዳቻላም ራሱ ገብቶ በሌላው ክንዷ ሲጎትት፣ ያገለደመው ነጭ ሽርጥ ከመብራቱ እግር ጋር ተያያዘና ተፈታ፤ ያ የተከበረ ዳይሬክተር በሠላሳ ልጃገረዶች ፊት ባለ መስመር የውስጥ ሱሪውን ብቻ ለብሶ ቀረ። ሴንባጋም ከንፈሯ እንደ ገረጣ፣ ጥጡ በአፍንጫዋ እንዳለ ሳቀች። እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ካሜራው ጠቅ ብሎ ቆመ።

«አለቀ» አለ ዳንዳፓኒ።

ሳቋ አብሮ ተቆረጠ። ልጃገረዶቹ ግን ገና መሳቃቸው ነው። «ክፈተው» አለችው።

«ምኑን?»

«ሣጥኑን። ፊልም እንዳለበት ልየው።»

«ከከፈትኩት እኮ ብርሃን ይገባል። ሳቅሽ ይቃጠላል።»

«ያኔም አለ ብለኸኝ ነበር።»

ዳንዳፓኒ ቀልዱ ሁሉ ጠፋው። በእናቱ ማለ፣ በልጆቹ ማለ። እሷ ዓይኗን ከሣጥኑ አልነቀለችም። ከከፈተው ይጠፋል፤ ካልከፈተው አታውቅም። በመጨረሻ ፊልሙ በጨለማ ወጥቶ በቆርቆሮ ሲታሸግ፣ ቆርቆሮውን ራሷ ተቀብላ እቅፏ ውስጥ አስገባችው። ፊቷን ሳትታጠብ፣ ከነአመድ ከንፈሯ ሪክሾ ላይ ወጣች። ፔሪያሳሚ ተከትሏት ወጣ። መንገደኛው ሬሳ በሪክሾ ስትሄድ አይቶ ዞር ዞር ይላል።

ፊልም የሚታጠብበት ቤት ሲደርሱ ሰዎቹ፣ «ነገ ተመለሱ» አሏቸው። ሴንባጋም ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እዚያው እንደተቀመጠች ወገቧን ያዛት። የመጀመሪያውን ቻለችው፤ ሁለተኛው ሲመጣ የፔሪያሳሚን እጅ ጨበጠች።

«መጣ?» አላት ሽማግሌው።

«መጣ።»

«ተነሺ፣ ሆስፒታል እንሂድ!»

«ሳላየው አልሄድም። ሳላየው ከሄድኩ እሞታለሁ፣ ጋሼ።»

ፔሪያሳሚ እየጮኸ ወደ ውስጥ ገባ። ምን እንዳላቸው እሱና እነሱ ያውቃሉ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ አጣቢው ውሃው የሚንጠባጠብ ጥብጣብ በሁለት ጣቱ ይዞ ወጣ፤ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ አሳያት። ገና ወደ ሲኒማ ማሳያ ቅጂ ያልተገለበጠ ኔጋቲቭ ነውና ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ነው። በእያንዳንዷ ትንሽ መስኮት ውስጥ ፀጉሯ የነጣ፣ ፊቷ የጠቆረ፣ አፏን የከፈተች ሴት አለች፤ ጥርሶቿ ከሰል ይመስላሉ።

«ትስቃለች?» አለች ሴንባጋም ምጡ እያንቀጠቀጣት። «ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ትስቃለች ወይስ ትጮሃለች?»

ፔሪያሳሚ ዓይኑ ደካማ ነው። አስጠግቶ አየ፣ አርቆ አየ። «ትስቃለች» አላት።

ማታ ሴት ልጅ ወለደች። ደም ብዙ ፈሰሳት፤ ሐኪሞቹ ሁለት ቀን ተስፋ ቆርጠውባት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ውሃ ጠየቀች። ልጅቱን ፑንጎዲ አሏት።

ከዚያ ወዲህ ወደ ፊልም አልተመለሰችም፤ ሰፈሩ ዛሬም ከፊልም ያስወጣት ባሏ ነው ይላል። ባሏስ አልከለከላትም። ቬዳቻላም ራሱ ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ «የማትሞት እናት ጽፌልሻለሁ፣ እስከ ፊልሙ መጨረሻ፣ እስከ ሠርጉ ቀን ትደርሻለሽ» ብሏት ነበር። በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ካቲሬሳን፣ «ሳቅሽው፣ ተቀረጸ፣ ወለድሽ። ምን ቀረሽ?» ሲላት፣ «ሳቄን ያየው አንድ አጣቢና አንድ ሽማግሌ ነው፤ ሞቴን ግን አገር ሁሉ እያየው ነው» አለችው።

እውነቷን ነበር። በወሊድ የሞተችበት ያ ፊልም ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከዚያም በድንኳን ሲኒማ ወደ ገጠር ዞረ፤ ሴንባጋም በቀን ሦስት ጊዜ ትሞታለች። ፑንጎዲ ሦስት ዓመት ሲሞላት ድንኳኑ እነሱ ሰፈር ጀርባ ተተከለ። ድምፁ እስከ ቤት ይሰማል። ሴንባጋም ዘፈኑን ትሰማለች፣ ጭቅጭቁን ትሰማለች፤ የራሷ የምጥ ጩኸት ሊመጣ ሲል ልጅቱን ከጨዋታዋ አንሥታ ታቅፋለች፤ እጇን ትንሿ ደረት ላይ ታደርጋለች። በድንኳኑ ውስጥ ሕዝቡ ለሷ ያለቅሳል። እሷ የልጅቱን ትንፋሽ ትቆጥራለች፤ ለቅሶው እስኪያልፍና ቀጣዩ ዘፈን እስኪጀምር አትለቃትም።