ተዳፋቱን የሚያውቅ ብረት

በአጎቴ ቤት ጠማማ ሆኖ የተሰቀለ ፎቶ ታይቶ አይታወቅም። በሰው ቤትም ቢሆን ያው ናቸው፤ እንግድነታቸውን ይረሱና፣ ገና ሳይቀመጡ ግድግዳው ላይ ያለውን መስተዋት በሁለት ጣታቸው ነካ አድርገው ያቀኑታል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ገብተው፣ የሚንገዳገድ ጠረጴዛ እግር ሥር ወረቀት አጣጥፈው ሲያስገቡ አክስቴ ያዘቻቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ልታጽናና ነው የመጣኸው ወይስ ልታደላድል?» አለቻቸው በጆሯቸው።

ሠፈሩ «ውሃ ልክ» የሚል ቅጽል ያወጣላቸው እንዲያው በከንቱ አልነበረም።

አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ብረት ሲያቀኑ ኖሩ። የሚሠሩበት ቤት ከመንገድ ዳር ያለ፣ ሁለት የቆርቆሮ መዝጊያ ያለው አንድ ክፍል ነው። ጠዋት መዝጊያዎቹ ሲከፈቱ ፀሐይ በጣሪያው የምስማር ቀዳዳዎች ሾልካ ትገባና ወለሉ ላይ በተነሰነሰው የብረት ብናኝ ላይ ትተኛለች። ያን ጊዜ ሰማዩ የተገለበጠ፣ ኮከቦቹም ከእግራችን ሥር የወረዱ ይመስለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ናፍጣና የጋለ ብረት በሸተተኝ ቁጥር ያ ክፍል ዓይኔ ላይ ድቅን ይላል።

የዓመት ፈቃዴን ከእነርሱ ጋር ባሳለፍሁበት ዓመት፣ ዝናብ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንዲት ሴት ትራክተር እየነዳች መጣች። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከትራክተሩ ኋላ እየጎተተች ያመጣችው ነገር በሩቁ ሲታይ ማረሻ አይመስልም። ሦስቱ ትልልቅ ክብ ዲስኮች ከተሸከማቸው ወፍራም ብረት ጋር በዝገት ተጣብቀው አንድ ቡናማ ቋጥኝ ሆነዋል። ከሁሉም ኋላ አንዲት ትንሽ የብረት ጎማ በአጭር ክንድ ተንጠልጥላለች፤ ማረሻው መስመሩን እንዳይስት የምትጠብቀው እርሷ ናት። በዲስኮቹ መካከል ሣር በቅሎ፣ ደርቆ፣ እንደገና በቅሏል።

«ጋሼ፣ ይድናል?» አለች ሴትዮዋ ሳትወርድ።

አጎቴ አንዱን ዲስክ በጣታቸው አንጓ መታ መታ አደረጉና ጆሯቸውን ሰጡት። «ሞኝና ዝገት የያዘውን አይለቅም» አሉ። «እስቲ እንለምነው። ለመቼ ነበር?»

«ለዝናቡ ነዋ። አምና ይኼ እንዲህ ሆኖብኝ መሬቱ ጦም አደረ። የባሌ ወንድም፣ ዘንድሮም ካላረስሽው ከእኔ ማሳ ጋር አንድ ላይ አርሰዋለሁ ብሎኛል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ጦም ያደረ መሬት ሲያይ ያመዋል። ግን ድንበሩ አንዴ ከታረሰ...» ብላ የቀረውን ዋጠችው።

«ገባኝ፣ ልጄ» አሉ አጎቴ።

ሦስት ቀን ቡሎኖቹን ናፍጣ አጠጧቸው። ጠዋት ያጠጣሉ፣ ቀትር ላይ ያጠጣሉ፣ ማታ ደግሞ እንደ ሕመምተኛ አይተዋቸው ይገባሉ። በአራተኛው ቀን አንድ ቡሎን ክርርር ብሎ ተላቀቀ፤ ሌሎቹም እየተግደረደሩ ተከተሉት። ከዚያ የሽቦ ብሩሹ ሥራ መጣ። ቀዩ የዝገት ዱቄት አየሩ ላይ ሲንሳፈፍ ክፍሉ የምሽት ፀሐይ የገባበት ይመስላል፤ አጎቴ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ቅርጻቸው ብቻ ወዲያና ወዲህ ይላል።

«ጉንጭህን ተቀብተህ የት ልትሄድ ነው?» ትላለች አክስቴ ሻይ ይዛ ስትመጣ።

«ወደ አንቺው ነዋ!»

«ታጥበህ ና።»

ዲስኮቹ የሚሽከረከሩባቸውን ያረጁ ኩሽኔታዎች ለውጠው፣ ግራሶ ሞልተው፣ በስምንተኛው ቀን የመሐከለኛውን ዲስክ በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት። ዞረ። ድምፅ አልነበረውም። ለረጅም ጊዜ ቆመን ሲዞር ብቻ አየን፤ ጠርዙ ላይ አንዲት የብርሃን ነጥብ እየወጣች ስትጠልቅ፣ እየወጣች ስትጠልቅ፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ምንም አልቀረኝም።

አጎቴ ግን ዓይናቸው ሌላ ነገር ላይ ዐርፎ ነበር። የኋለኛዋ ጎማ ክንድ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል።

«ድንጋይ ሳይመታው አይቀርም» አሉኝ። ከሰሉን አቀጣጠሉ፣ ወናፉን ነፉ፣ ክንዱን አግለው በመዶሻ አቀኑት። ማስመሪያ አስጠግተው በአንድ ዓይናቸው ሲያዩት ፊታቸው በራ። የሥራው ሁሉ ማሰሪያ እርሱ ነበር ለእርሳቸው።

ሴትዮዋ መርቃቸው ወሰደችው። በማግስቱ ረፋድ ላይ በእግሯ ተመልሳ መጣች።

«ጋሼ፣ ማረሻው ቁልቁል ይሸሻል።»

አጎቴ፣ አክስቴና እኔ ተከተልናት። ማሳው ተዳፋት ላይ ነው፤ የሚታረሰውም ጎኑን ይዞ፣ አግድም። የጀመረችው ትልም ዐሥር እርምጃ ያህል ደኅና ይሄድና፣ ወንበር ላይ እንቅልፍ እንደ ጣለው ሰው ቀስ እያለ ወደ ታች ይንሸራተታል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው። በላያቸው ደመናው እየተደራረበ ነበር። የባሏ ወንድም አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

«እትዬ፣ ነገ ሰማዩ የሚታገሥሽ አይመስለኝም» አላት። ድምፁ ውስጥ ፌዝ አልነበረም፤ ያ ደግሞ የባሰ ከበዳት፤ ፊቷን አዞረች።

አጎቴ ዲስኮቹን አጠበቁ፣ አላሉ፣ እንደገና አጠበቁ። ምንም አልተለወጠም። በመጨረሻ፣ «ባልሽ ሲያርስ እንዲህ ይሸሽበት ነበር?» ብለው ጠየቋት።

«መጀመሪያ የገዛው ጊዜ እንጂ ኋላማ አይሸሽም ነበር። አንድ ቀን ያችን ጎማ ከዛፍ ጋር አስሮ በትራክተር ሲስባት ደርሼ፣ ሰበርኸው ብዬ ጮህሁበት። ሳቀብኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

አጎቴ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። የጎማዋን ክንድ በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «ማረሻውን ተዳፋቱ ወደ ታች ሲስበው፣ ባልሽ ጎማዋን ወደ ዳገቱ እንድትመለከት አድርጓት ነበር» አሉ። «እኔ ጠማማ መሰለኝና የሰውዬውን ሥራ አፈረስሁበት።»

«ይመለሳላ» አለች ሴትዮዋ። «ስንት ነበር የዘመመው?»

«አልለካሁትም። ጠማማን ማን ይለካል?»

ከሰሉና ወናፉ ማሳው ዳር መጡ። ክንዱ ሲግል ከብርቱካን ወደ ቢጫ እየነጋ ሄደ። አጎቴ ለመጠምዘዣ ረጅም ቧንቧ ክንዱ ላይ አጥልቀው ቆሙ፤ ግን አልሳቡም። ደኅና ብረት በገዛ እጃቸው አጣምመው አያውቁም።

«በል እንጂ» አለች አክስቴ። «አርባ ዓመት ስታቀና ኖረህ አንድ ቀን ብታጣምም እግዜር አይታዘብህም። ደግሞ እየበረደ ነው።»

ሳቡት። ሴትዮዋ ትራክተሩ ላይ ወጥታ ሞከረች፤ አሁንም ትንሽ ይሸሻል። እንደገና አጋሉት፤ አሁን ደግሞ በዛና ማረሻው ዳገት መውጣት አማረው። «ጋሼ፣ ግማሽ ጣት ይመልሱት» አለች ወርዳ፣ ጎማዋን በዓይኗ እየለካች። «ባሌ ትራክተሩን ሲያዞር፣ እዚህ ቆሜ ሁልጊዜ መሬት የሚረግጠውን የጎማዋን ሆድ እንጂ ጎኗን አላይም ነበር። አሁን ጎኗ ይታየኛል።» አጎቴ ቃሏን ተቀብለው፣ ማስመሪያቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ፣ እርሷ «በቃ» እስክትል መለሱት።

ከዚያ በኋላ ያየሁት እንደ ሕልም ነው። ትራክተሩ ራቀ፤ ድምፁ የንብ ያህል ሆነ። ጥቁሩ አፈር ከዲስኮቹ ሥር እየተገለበጠ፣ እየተነፈሰ፣ ከተዳፋቱ ወገብ ላይ ሳይወርድ ሳይወጣ ሄዶ ከዛፎቹ ጥላ ውስጥ ገባ። ማረሻውን አንሥታ ባዶዋን ተመለሰችና ከዚያው ጫፍ ሁለተኛውን ትልም ከፊተኛው ጎን አጋደመችው። ሦስተኛው፣ አራተኛው። ጥላዎች ረዘሙ። አጎቴ ከኋላ ከኋላ ይሄዱ ነበር፤ አፈሩ ጫማቸው ውስጥ ሲገባ እንኳ አላወቁም።

የማሳው ሁለት ሦስተኛ ሲታረስ የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ወረዱ። ሴትዮዋ ከሚጠፋው ብርሃን ጋር እሽቅድምድም ይዛ አላቆመችም። የባሏ ወንድም አጥሩን ተሻግሮ ገባና ትልሙ ውስጥ ቆሞ ጥልቀቱን በጫማው ጫፍ ለካ። አንዴ ወደ ራሱ ማሳ፣ አንዴ ወደ እርሷ ተመለከተ። ከዚያ ትራክተሩ አጠገቡ ሲደርስ እጁን አነሣ።

«የቀረው ነገ ያልቅልሻል» አላት። «መዝሪያዬን ላምጣልሽ? እኔ እስከ ሳምንት አልፈልገውም።»

ሴትዮዋ ሞተሩን አላጠፋችም። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ዝናብ ይሁን ሌላ አላወቅሁም።

«በጠዋት አምጣልኝ» አለችውና ማርሹን አስገባች።