የማልቀይረው ስም

ይህን ስም እንድቀይር ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ታዝዣለሁ። አልቀየርኩም። አልቀይርምም። አራተኛው ደብዳቤ ሲመጣ ከሦስቱ ጋር መሳቢያዬ ውስጥ ይተኛል፤ ቦታ አለው።

የደብረ ታቦርን የሐምሌ ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ማለት ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የሚጠሩኝ፣ ስብሰባ ሲኖር ግን የሚረሱኝ ማለት ነው። ሰርቨር የምንለው አንድ ጥቁር ብረት አለን፤ የወረዳው ገበሬ ሁሉ የይዞታ መዝገብ ያለው እሱ ውስጥ ነው። በላዩ ያለው ጣሪያ እንደሚያፈስ ሁለት ክረምት ሙሉ ጮኬያለሁ። መልሱ ሁልጊዜ «እስቲ ይታያል» ነበር። ታየ እንግዲህ!

ለአጎቴ ተዝካር ወደ አንበሳሜ ለሦስት ቀን ሄጄ ስመለስ ውኃው ሰርቨሩ ላይ ወርዶ ጠበቀኝ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬና ጥበቃው ደጎች ናቸው፣ ክፋት አያውቁም። ብረቱን ፈቱት፣ ውስጡ የተሰኩትን ካርዶች ነቃቀሉ፣ ሰፌድ ላይ ዘረጉና ብልጭ ባለችው የሐምሌ ፀሐይ እንደ ብቅል አሰጡት። ሲደርቅ ሰበሰቡና እያንዳንዱን በገጠመለት ቀዳዳ መልሰው ሰኩት። «አንዲት አልጠፋችም፣ ቆጥረን ነው የመለስነው» አለኝ ጥበቃው በኩራት። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

ማሽኑ ይነሣል፣ መብራቱም ይበራል፤ ነገር ግን ከቢሮው ኮምፒውተሮች አንዱም አያገኘውም። ኃላፊያችን እኔን ሳይጠይቅ ባሕር ዳር ላለ አንድ ባለሙያ ደወለ። ያ ሰው ብረቱን ባይኑ ሳያይ «ተቃጥሏል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥቼ ሁሉንም ከዜሮ እጭነዋለሁ» አለ። ኃላፊው ወዲያው በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ፦ ባለሙያው እስኪመጣ ማንም እንዳይነካ። ከሥሩ ማኅተም። እኔስ ምንድን ነኝ? የበር መጋረጃ?

በዚያው ቀን ከጋፋት በኩል አንዲት እናት በእግራቸው መጡ። ባላቸው ከሞቱ ሁለተኛ ዓመት ነው። የባላቸው ወንድም የይዞታ ደብተራቸውን «እኔ ጋ ይቀመጥልዎት» ብሎ ወሰደና አሁን «መሬቱ የኔ ነው» ብሎ ፍርድ ቤት ቆሟል። ዳኛው ለነገ ጠዋት ከጽሕፈት ቤቱ ማስረጃ እንዲያመጡ አዘዋቸዋል፤ ካላመጡ እዚያው ውሳኔ ይሰጣል። ማስረጃው ሰርቨሩ ውስጥ ነው። የወረቀቱ ማህደር ደግሞ በዚያው ፍሳሽ ረጥቦ፣ ገጹ ከገጽ ተጣብቆ፣ ቢገልጡት የሚበጣጠስ ሆኗል።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ» አሏቸው መዝገብ ቤት።

«ችሎቱ ነገ ነው፣ ልጆቼ።»

«ሰርቨሩ ሞቷል፣ እናቴ።»

እሳቸውም አላለቀሱም። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡና «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» አሉ ለራሳቸው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ቀጥ ብዬ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

«እከፍተዋለሁ» አልኩት።

«ወረቀቱን አላነበብሽም?»

«አንብቤያለሁ። ሴትዮዋ ነገ መሬታቸውን ሊያጡ ነው። የርስዎ ባለሙያ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመጣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።»

«ከተበላሸ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ!»

«በጽሑፍ ያድርጉልኝ፣ እፈርማለሁ።»

የምቀልድ መስሎት ነበር። ጻፈ፤ እኔም ፈረምኩ። አልፈራሁም ብል እዋሻለሁ። ያለችኝ እንጀራ ያቺው ደመወዝ ናት።

ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አሮጊቷን «ይምጡ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብዬ ሰርቨሩ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ብቻዬን መሆን ፈርቼ ነው መሰለኝ። ስክሪንና ኪቦርድ ሰክቼ ማሽኑን ራሱን ጠየቅሁት፦ ምን ምን ካርድ አለህ? ዘረዘረልኝ። ከቢሮው ኮምፒውተሮች ጋር የምታገናኘው የኔትወርክ ካርድ አለች! ደህና ናት፣ አረንጓዴ መብራቷም ብልጭ ድርግም ትላለች። ምን ተቃጠለ? ስሟ ብቻ ነው የተቀየረው።

ማሽኑ የኔትወርክ ካርድን የሚጠራው በተሰካችበት ቀዳዳ ቁጥር ነው። ካርዷ የኖረችው ሦስተኛው ላይ ነበር፤ ስሟም ሦስት ነበረበት። ካሰጧት በኋላ አምስተኛው ላይ ሰኳት፣ ማሽኑም አምስት ብሎ ጠራት። በዚያ አንድ ብረት ሆድ ውስጥ ደግሞ ቨርቹዋል ማሽን የሚባሉ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ፤ አካል የላቸውም፣ ሥራ ግን ይሠራሉ። የመሬት መዝገቡ ያለው አንደኛው ውስጥ ነው። ሦስቱም ወደ ውጭ የሚወጡት በዚያች በአንዷ ካርድ ሲሆን መንገዳቸው የተጻፈው በድሮ ስሟ ነው።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ አሮጊቷ።

«ውስጥ ያሉት በድሮ ስሟ እየተጣሩ ነው። እሷ ደግሞ ስሟ ስለተቀየረ አቤት አትልም።»

«ወይ ጉድ!» ብለው ሳቁ። ከገቡ ጀምሮ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። «እንደኔ ናታ! ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የኔን አማቴ ናቸው ያወጡት። በሠርጌ ማግስት እዚህ ቤት እንዲህ ነው የምትባይው አሉኝ፣ አለቀ። አርባ ዓመት ሙሉ በሰው ስም አቤት እያልኩ ኖርኩ። ደብተሩ ላይ ያለው ግን አባቴ ያወጣልኝ ነው። ያ የባሌ ወንድም ይህን ይዞ ነው በዚህ ስም የምትጠራ ሴት በቀበሌው የለችም የሚለው።»

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። አማቴ ለኔም ስም አውጥተውልኝ ነበር፤ እኔ አቤት አልል ብዬ ሁለት ዓመት ተኳርፈናል። ይህን ለአሮጊቷ አልነገርኳቸውም።

ካርዷን ነቅሎ ወደ ሦስተኛው መመለስ ይቻል ነበር። ግን የሚመጣው ክረምት ደግሞ የትኛው ሰፌድ ላይ እንደምትሰጣ ማን ያውቃል? እያንዳንዷ ካርድ ከፋብሪካ ስትወጣ የተቀረጸባት ቁጥር አላት፤ የትም ብትሰካ አይለወጥም። ስለዚህ ለማሽኑ ጻፍኩለት፦ ይህ ቁጥር ያላትን ካርድ ስታይ፣ የትኛውም ቀዳዳ ላይ ብትሆን፣ በዚህ ስም ጥራት። በየትኛው ስም? እንደ ሥርዓቱ አጭር የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል አድርጎ ማለፍ ይቻል ነበር።

«እናቴ፣ አባትዎ ያወጡልዎ ስም ማን ነበር?» አልኩ።

ነገሩኝ። በላቲን ፊደል ጻፍኩት፤ ማሽኑ የኛን ፊደል አይቀበልማ። ቀጥዬ የድሮውን ስም ካለበት እየፈለግሁ በእሳቸው ስም ተካሁና ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁት።

አልሠራም። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል፤ «አላልኩሽም?» አለ። ዞሬም አላየሁት። ከመጀመሪያው ጀምሬ መስመር በመስመር አነበብኩ፤ አንድ ቦታ ላይ የድሮውን ስም ሳልነካ አልፌው ኖሯል። እሱንም ቀየርኩና እንደገና አስነሣሁት። ከመዝገብ ቤት አንዷ «ኧረ መጣ! መጣ!» ብላ ጮኸች። እኔም ተነሥቼ እንደ ልጅ ዘለልኩ፤ ምን አፍራለሁ!

የአሮጊቷን መዝገብ ፈልጌ አተምኩት። ፎቷቸው ላይ ፀጉራቸው ጥቁር ነው። የቀረው ማኅተም ነው፤ ኃላፊው ግን «ነገ ጠዋት» አለ። አሮጊቷ በትራቸውን ተደግፈው ፊቱ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይህቺ ልጅ ያን ሁሉ ብረት አስነሥታለች። አንተ ማኅተም ማንሣት አቃተህ?»

ማኅተሙን መታው። እሰይ!

በማግስቱ ዳኛው ወረቀቱን አይተው ፈረዱላቸው። እኔ ግን ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ትእዛዝ ጥሳለች የሚል። ቀጥሎ ያ ባለሙያ መጣና የሚጠግነው ሲያጣ ስሙን አገኘ፤ «የመሣሪያ ስያሜ ደረጃውን የጠበቀ አይደለም» ብሎ ጻፈ። ደብዳቤዎቹ የመጡት ከዚያ ነው። ለእያንዳንዳቸው የመለስኩት አንድ ነው፦ ማሽኑ ይሠራል፣ ካርዷም ስትጠራ አቤት ትላለች፤ ምክንያት ጻፉልኝና እቀይራለሁ። ምክንያት እስካሁን የጻፈልኝ የለም።

ጥቅምት ላይ አሮጊቷ ለሌላ ጉዳይ ገበያ ወጥተው ኖሮ ጎራ አሉ። «ያቺ በስሜ ያልሻት እስካሁን አለች?» አሉኝ። አስገባኋቸውና ዝርዝሩን ስክሪኑ ላይ አወጣሁት። ማንበብ አይችሉም፤ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ስሙን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

ነጠላቸውን ሰብስበው አፋቸው ላይ ያዙ።

«አባቴ ከሞተ ወዲህ» አሉ፣ «ዳኛው ነው አንድ ጊዜ የጠራኝ። እሱም ከወረቀት ነው። አንቺ እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው። «አቤት» አሉ።