ኢቲቱ የጠጡት ጥጆች

በደርግ ዘመን፣ የእንስሳት ጤና ትምህርቴን እንደጨረስኩ የተመደብኩት ሊሙ ገነት ነበር። በዚያው ክረምት የአካባቢውን የገበሬ አምራቾች ማኅበር ጥጆች ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዛቸው። እበታቸውን በማይክሮስኮፕ ሳየው የአንጀት ተውሳክ እንቁላል ሞልቶበታል። መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፤ በእጄ ግን አልነበረም። በቡና ጭነት መኪና ጅማ ድረስ ሄድኩ። የመድኃኒት መጋዘኑ ኃላፊ፣ መድኃኒቱ ሲመጣ እንደሚያሳውቀኝ ነግሮ ባዶ እጄን ሸኘኝ። ስመለስ ሦስት ጥጆች ሞተው ደረስኩ።

ከበረቱ ማዶ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት አሮጊት ይኖሩ ነበር። የእሳቸውንም ጥጆች ተቅማጡ ይዟቸው ነበር፤ አንድም ግን አልሞተባቸውም። ምን እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው፣ ጥጃ ከተወለደ ሳምንት ሲሞላው ጀምረው በየማለዳው አንድ ስኒ ኢቲቱ፣ በቅል የረጋ እርጎ፣ እንደሚግቱት ነገሩኝ። እኛ በትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ኋላ ቀር ልማድ ነበር የምንለው። ቢሆንም ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም።

ከቀሩት ስምንት ጥጆች ለአራቱ ኢቲቱ ልሰጥ፣ አራቱን እንዲሁ ልተዋቸው ወሰንኩ። አሮጊቷ ቅላቸውን ይዘው መጡ፤ ሐሳቤን በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ ኢቲቱ ወደማይሰጣቸው አራቱ ዞረው አዩ።

«እነዚህስ ምን አጠፉ፣ ልጄ?»

«ልዩነቱን እንድናውቅ ነው፣ እናቴ።»

«አንተ እስክታውቅ እነሱ ይሙቱ?»

ያም ሆኖ በሐሳቤ ጸናሁ። በአራተኛው ቀን ካልተሰጣቸው አንዷ ሞተች። አሮጊቷ አልወቀሱኝም። ቤታቸው ሄደው ተለቅ ያለ ቅል አመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባቱንም አጠጣሁ፤ እርጥቡን በረትም አደረቅን።

አንድ ሌላ ጥጃ ሞተ፤ ስድስቱ ተረፉ። እንቁላሉ ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። ያዳናቸው ኢቲቱ ይሁን፣ በረቱን ማድረቃችን ይሁን፣ ወይስ ዝናቡ ማባራቱ፣ ለሁሉም በመስጠቴ ማወቂያውን እኔው አበላሽቼዋለሁ። በዚህ ግን አልተጸጸትኩም። የሚቆጨኝ ለአለቆቼ በላክሁት ሪፖርት ስለ ኢቲቱ አንድ ቃል አለመጻፌ ነው። ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በእርጎ ውስጥ ያሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የጥጃ አንጀት ተውሳክን ይከላከሉ እንደሆነ የሚመረምሩ ሰዎች መኖራቸውን አነበብኩ። አሮጊቷ ያኔ በሕይወት አልነበሩም። ያነበብኩትን ወረቀት አጥፌ ከድሮው ሪፖርቴ ቅጂ ጋር አስቀመጥኩት።