የለውዝ መጠቅለያ

ከአሶሳ ገበያ የገዛሁትን የተቆላ ለውዝ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ስዘረግፍ ሽታው እናቴን አመጣብኝ። እናቴ ቀኑን ሙሉ ለውዝ ስትቸረችር ትውልና አመሻሽ ላይ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ነክራ፣ ከመጠቅለያ የተረፈ ቁራጭ ጋዜጣ ታነብልኝ ነበር። ወሬው ሁልጊዜ መሃል ላይ ይቀደዳል።

«ከዚያስ?» እላታለሁ።

«የቀረው ለውዝ ተጠቅልሎበት ሰው ቤት ገብቷል፤ አንቺ ጨርሺው» ትለኛለች፣ ዓይኗ እየተከደነ።

የምር መስሎኝ፣ ጎረቤት ስላክ ወረቀቱን በየጥጉ እፈልግ ነበር። ሳጣው የወሬውን መጨረሻ ከራሴ እፈጥራለሁ።

ዛሬ እኔም ከሥራ ዝዬ ገባሁ። ለልጄ ተረት እያነበብኩላት መሃል ላይ አቆምኩ።

«ከዚያስ?»

«የቀረው ሰው ቤት ገብቷል።»

መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ አገላብጣ አየችው።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ አልተቀደደም።»