መተንፈስ የሚረሱ ሕፃናት

በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሥራ በጀመርኩበት ቀን የክፍሉ ተቆጣጣሪ ሲስተር አልማዝ መርፌም ቴርሞሜትርም አላስያዘችኝም። ወንበር ስባ፣ «ቁጭ በዪና ደረቱን እዪ» አለችኝ። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ነበር። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ቆየና ቀጥ አለ። ደነገጥኩ። እሷ የውስጥ እግሩን በጣቷ ጫር ጫር ስታደርገው ተነፈሰ።

«ይረሳዋል» አለችኝ። «እኛ ሳናስበው የሚያስተነፍሰን፣ ልባችንን የሚያስመታ፣ ሙቀታችንን የሚጠብቅ ነርቭ አለ። የሱ ገና አልበሰለም። እስኪበስል የእናቱ ገላ ያግዘዋል።»

ከዚያ ወዲህ ከመርሳ እስከ ወልድያ በየደረስኩበት ሥራዬ ይኸው ሆነ። ሕፃኑን ኮፍያና ዳይፐር ብቻ አድርገን፣ በእናቱ ራቁት ደረት ላይ በጨርቅ አጥብቀን እናስረዋለን።

ስሙን የማልጠራው አንድ ሆስፒታል ስሠራ ጎብኚዎች ሊመጡ ነው ተባለ። ኃላፊው ገብቶ ክፍሉን ቃኘ።

«እነዚህ ሴቶች ይውጡ። ፌስታሉ፣ ነጠላው... ምንድነው ይሄ?»

«እናቶች እኮ ናቸው። ልጆቹ ደረታቸው ላይ ናቸው» አልኩት።

«ለትንሽ ጊዜ ነው። ማሞቂያ የለም እንዴ?»

«ማሞቂያ ያሞቃል እንጂ አያስተነፍስም!»

አልሰማኝም። ልጆቹ ማሞቂያ ውስጥ ተኙ፤ እናቶቹም እንዲወጡ ተደረገ። የውርጌሳዋን ዘምዘምን ጥበቃው ክንዷን ይዞ ሲያስወጣት፣ «እትዬ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ያለኔ አይሆንለትም» ትለኝ ነበር። የመጀመሪያ ልጇ ነው።

ጎብኚዎቹ ፎቶ ሲነሱ የዘምዘም ልጅ ከንፈሩ ጠቆረ። እግሩን ጫርኩት፤ ምንም። ጀርባውን አሸሁት፤ ምንም። ሰው ገፍትሬ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን አምቡ ባግ አነሳሁና አፍና አፍንጫው ላይ ገጥሜ አየር ሰጠሁት። ደረቱ ተነሳ። ቀጭን ድምፅ አሰማ።

«እናቱን ጥሩልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ኃላፊው ጠጋ ብሎ፣ «ቆይ፣ እንግዶቹ ይውጡ» አለኝ በሹክሹክታ።

ደሜ ፈላ። ጋዋኔን ፈትቼ ሕፃኑን ከገላዬ ለጠፍኩና በእንግዶቹ መሀል አልፌ ወጣሁ። ዘምዘም ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች፤ ቀሚሷ በጡቷ ወተት ርሷል። ልጇን ተቀብላ እልብሷ ውስጥ ከተተችው።

«ሁለተኛ አልወጣም፤ ቢጎትቱኝም» አለችኝ።

«አትወጪም» አልኳት። ይዣት ተመለስኩ። ሌሎቹም እናቶች ተከትለውን ገቡ። ጥበቃው በሩን ለቀቀልን።

በማግስቱ ኃላፊው አስጠራኝ። «በእንግዳ ፊት አዋረድሽን» አለኝ። ስለ ሕፃኑ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ሰጠኝ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ልጁ ሰነበተና ትንፋሹ መቋረጡን ተወ። ዘምዘም አዝላው ወደ ውርጌሳ ሄደች።

ወጣት ባልደረቦቼ፣ ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን እናቱ ጠያቂ አይደለችም፤ ሕክምናው ናት። ማንም አስወጧት ቢላችሁ አታስወጧት።